መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ

(ደሴ ላይ ለልብስ ሰፊዎችና ለስፌት ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ ማለት ይቻላል)

እንደምን አደራችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ከፒያሳ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሸዋ በር፣ ከሰኞ ገበያ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ፣ በዚህ ጉም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የደረሳችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጠዋት ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መኪናችሁ ስፌት ሲዘልባችሁ፣ ክር ሲበጥስባችሁ፣ ጨርቅ ሲያጨማድድባችሁ መጀመሪያ እጃችሁ የት ነው የሚሄደው? እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። ክር ማጥበቂያው ላይ አይደለም? ትንሽ ታጠብቃላችሁ፤ ባሰ። ታላላላችሁ፤ አሁንም ባሰ። ከዚያ የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ቦቢን ቤት ታወጡና ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ ትነካካላችሁ። አሁን የላዩም የታቹም ተበላሸ። በመጨረሻ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩም፣ ጎበዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? መርፌውን ይቀይራል!

ዛሬ የምለው ይኼንኑ ነው። ክር ማጥበቂያ ከመንካታችሁ በፊት፣ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መርፌውን ቀይሩ። መኪናው ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹ መርፌ ነው፤ ቶሎ የሚያረጀውም እሱ ነው። መቼ እንደሚቀየር፣ የትኛው ለየትኛው ጨርቅ እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚገባ፣ ሲሰበርስ ምን እንደሚደረግ እናያለን።

በመጀመሪያ ግን ስፌት እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር፤ ይኼን ያልገባው ሰው የቀረውን በቃል ቢይዘው አይጠቅመውም።

የእጅ መርፌ ዓይኑ በጀርባው ነው። መርፌው ሙሉ በሙሉ ጨርቁን አልፎ ይወጣል፣ ክሩን ይጎትታል፣ ተመልሶ ይገባል። የመኪና መርፌ ግን ዓይኑ ጫፉ ጋ ነው፤ ጨርቁን አያልፍም፣ ወርዶ ይመለሳል። ኤልያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና ዓይኑ ጫፉ ላይ ያለ መርፌና ከታች የሚመላለስ ሁለተኛ ክር ያለው ነበር። በእያንዳንዳችን ቤት ስሙ የሚጠራው ሲንጀር መኪናውን ይዞ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1851 ነው፤ ሃውም ከሶት በ1854 አሸንፎታል። የተካሰሱት በዚሁ ዓይኑ ጫፉ ላይ ባለ መርፌና በሁለተኛው ክር አሠራር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን መኪናችሁን በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡልኝ። መርፌው ክሩን ይዞ ወረደ። ታች ደረሰ። መውጣት ጀመረ፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። በዚህች ቅጽበት ክሩ በጨርቁ ተይዞ ስለሚቀር ከዓይኑ በላይ፣ በመርፌው ጀርባ በኩል ትንሽ ቀለበት ሆኖ ይነፋል። እናንተ ሻትል የምትሉት መንጠቆ በዚያች ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ያሰፋታል፣ በቦቢኑ ዙሪያ ያዞራታል፤ የላይና የታች ክር ይቆላለፋሉ። አንድ ስፌት ማለት ይኼ ነው።

በመንጠቆው ጫፍና በመርፌው መካከል ያለው ክፍተት ስንት ይመስላችኋል? ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ አይበልጥም። የደብተር ወረቀት ውፍረት ማለት ነው! መርፌው የወረቀት ውፍረት ያህል ከጎበጠ መንጠቆው ቀለበቷን ያጣታል፤ ስፌት ዘለለ። ወዲህ ከጎበጠ ደግሞ መንጠቆው መርፌውን ይመታዋል፤ መርፌ ተሰበረ፣ የመንጠቆውም ጫፍ ተጎረደ። ክር ማጥበቂያ ይኼን እንዴት አድርጎ ያስተካክለው? አያስተካክለውም።

አሁን መርፌውን በእጃችሁ ያዙት። ያመጣችሁ አላችሁ፤ አውጡት። ወፍራሙ የላይኛው ክፍል መኪናው ላይ የሚታሰረው እግሩ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቀጭኑ አካል ይመጣል። ቀጭኑን አካል በጥፍራችሁ ዳብሱት፤ በአንድ በኩል ከላይ እስከ ዓይኑ የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ። መርፌው ጨርቅ ሲበሳ ክሩ እዚያ ቦይ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚወርደው፤ ቦዩ ባይኖር ክሩ ከጨርቁ ጋር እየተፋተገ ይበጠስ ነበር። አሁን አዙሩትና በሌላው በኩል ከዓይኑ በላይ ያለውን እዩ። ትንሽ ተቆርሶ የወጣ ሥጋ ይመስላል፤ ጎድጎድ ያለ ነው። መንጠቆው ሳይነካው ተጠግቶ እንዲያልፍ የተበላው እዚያ ጋ ነው። አያችሁት? እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሩት።

ሕጉ እንግዲህ አንድ ነው፤ ለሁሉም መኪና አንድ ነው። ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት በኩል፣ ጎድጓዳው ወደ መንጠቆው በኩል። ተራው የፋብሪካ ቀጥታ ስፌት መኪና ክሩ የሚገባው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ቦዩ በግራ፣ ጎድጓዳው በቀኝ። ክላስ 15 የሚባለው የድሮ ሲንጀር ሞዴል ተቃራኒው ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል፣ የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ግራ ይዞራል። ዘመናዊዎቹ የቤት መኪናዎች አብዛኞቹ ከፊት ወደ ኋላ ስለሆኑ ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይሆናል። ከሲንጀር ወደ ፋብሪካ መኪና የተሸጋገረ ሰው በለመደው እጁ መርፌውን ገልብጦ ሲያስገባ መኪናው አንድም ስፌት አይይዝለትም። ከዚያ "የቻይና መኪና ነውና" ይላል። መኪናው ምን በደለ?

ጠፍጣፋ ያለው መርፌ ለማስገባት ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ አቅጣጫ አይቀበልም። የፋብሪካው ግን እግሩ ሙሉ ክብ ነውና ትንሽ ቢዞር ማንም አይከለክለውም። በዓይን ካልለያችሁት ሌላ መርፌ ዓይኑ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩ፤ ያሳለፋችሁት መርፌ የጠቆመበት አቅጣጫ ቀጥ ማለቱን ወይም መዞሩን ያሳያችኋል።

አገባቡን ልበል። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፤ የእግር መኪና ከሆነ እግራችሁን ከመርገጫው አንሱ። መኪናው ጎን ላይ ባለው መዘውር መርፌ ያዡን እስከ ላይ አውጡ። ብሎኑን አላሉ፣ ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ወድቆ ይጠፋል። አዲሱን መርፌ አቅጣጫውን ይዛችሁ ወደ ላይ ግፉ፤ አልገባም እስኪላችሁ ድረስ ግፉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከታሰረ መንጠቆው ቀለበቷ የምትሠራበትን ቦታ አያገኘውም። ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ሞተር ሳትነኩ መዘውሩን በእጃችሁ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩ። የሚነካካ ድምፅ ካለ ቁሙ። ይቺን በእጅ ማዞር የሚዘላት ሰው ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሏት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር። መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም። ገበያ ሄዳችሁ "መርፌ ስጠኝ፣ 14 ቁጥር" ትላላችሁ። ባለሱቁ 14 ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ግን የምን መኪና? የቤት መኪናው ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ ፓኬቱ ላይ ኤች ኤ ኤክስ 1 የተጻፈበት ነው። የፋብሪካው ቀጥታ ስፌት ዲቢ ኤክስ 1 ነው፤ የእግሩ ውፍረት 1.62 ሚሊ ሜትር። ወፍራም ጨርቅ የሚሰፉ ሌሎች መኪናዎች ደግሞ ዲፒ ኤክስ 5 ይወስዳሉ፤ የዚህ እግር 2 ሚሊ ሜትር ነው። የጨርቅ ዳር የሚጠምረው ኦቨርሎክ ብዙ ጊዜ ዲሲ ኤክስ 27 ነው። ቀጭን እግር ያለውን መርፌ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ብታስሩት ብሎኑ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ይታሰራል፣ የታሰረ ይመስላል፤ ግን ያ የወረቀት ውፍረት ያልኳችሁ ክፍተት ሄደ። ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ የድሮውን ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፓኬት ከሌለ መርፌውን ራሱን።

ቁጥሩስ? ፓኬቱ ላይ 90/14 ይላል። 90 ማለት የቀጭኑ አካል ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 0.90 ሚሊ ሜትር። 14ቱ የሲንጀር የቆየ ቁጥር ነው፤ መርፌው ያው አንድ ነው። 65/9፣ 70/10፣ 75/11፣ 80/12፣ 90/14፣ 100/16፣ 110/18 እያለ ይወፍራል። እዚህ ላይ ሠልጣኞቹን የሚያደናግር ነገር አለ፤ በመርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል፣ በክር ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። 40/2 የተባለው ክር ከ20/2 ይቀጥናል። ይኼን አትርሱት።

ለሒጃብና ለቀጭን ሻርፕ፣ ለቺፎን 65 ወይም 70። ለአባያ ጨርቅ፣ ለቀጭን ሸሚዝ 75። ለቴትሮን ዩኒፎርም፣ ለሸሚዝና ለቀሚስ ከተለመደው 40/2 ክር ጋር 80 ወይም 90። ለካኪ ሱሪ 90 ወይም 100። ለጂንስ 100፣ እጥፋቱ ሲደራረብ 110። ለድንኳን ሸራ 110 እና ከዚያ በላይ። ለሀገር ባህል ልብስ፣ ለሸማ ጨርቅ ስስነቱን እያያችሁ ከ70 እስከ 80 በቂ ነው፤ ጥለቱ ያለበት ዳር ግን ወፍራም ስለሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

አብዛኞቻችሁ ግን የምትሠሩት እንዴት ነው? 14 ቁጥር ገብቷል፤ እስኪሰበር ድረስ ሒጃቡም፣ ጂንሱም፣ ዩኒፎርሙም በእሱው! በቺፎን ላይ 14 ቁጥር ሲወርድ እያንዳንዷ ቀዳዳ ትታያለች፤ ጨርቁም ይጨማደዳል። ደንበኛዋ "ጨርቁ መጥፎ ነው" ብላችሁ ስትመልሷት ታምናችኋለች፤ ሌላ ጊዜ ግን አትመጣም። በጂንስ ላይ ደግሞ ቀጭኑ መርፌ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይለመጣል፣ ጨርቁ የሚያርፍበትን የታችኛውን ብረት ይመታል፣ ይሰበራል። ለዚህ ነው ጂንስ "መርፌ የሚበላው"።

ክሩ ለመርፌው ልክ መሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ከመኪናው ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር በመርፌው ዓይን አስገቡ። ክሩን በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ አንዱን ጫፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ አዘንብሉት። መርፌው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወረደ ልክ ነው። ከቆመ መርፌው ለዚያ ክር ቀጭን ነው፤ ክሩን ይፈቀፍቀዋል። ከዚያ በየሜትሩ ይበጥስባችኋል፤ እናንተም ክሩን ትረግማላችሁ።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው የጫፉ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደንበኛ የምታጡት እዚህ ጋ ነው። ሾል ያለው ተራ ጫፍ ለተሸመነ ጨርቅ ነው። ማሊያ፣ ቲሸርት፣ አብዛኛው የሚለጠጥ ነገር ግን አልተሸመነም፤ ክሩ ቀለበት በቀለበት ተያይዞ ነው የተሠራው። ሹል ጫፍ አንዷን ቀለበት ቆርጦ ካለፈ በዚያ ቀን ምንም አይታይም። ልብሱ ተሰፋ፣ ተተኮሰ፣ ተሸጠ። የመጀመሪያው አጠባ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ስፌቱን ተከትሎ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ቀዳዳው እየሰፋ፣ እየወረደ። ለዚህ ጫፉ ደበዝ ያለ፣ እንደ ኳስ የተሞረደ መርፌ አለ፤ ክሩን ሳይቆርጥ ገፋ አድርጎ በመካከል ያልፋል። ፓኬቱ ላይ ለቀጭን ማሊያ ኤስ ኢ ኤስ፣ ለወፈር ላለው ኤስ ዩ ኬ ይላል። ባለሱቁን በስሙ ጠይቁት። የለም ካለ እንዲያመጣ ንገሩት፤ እናንተ ካልጠየቃችሁ እሱ ለምን ያመጣል?

ይኸው ደባዛ ጫፍ ወፍሮ በተጠቀጠቀ ጨርቅ ላይ፣ በሸራ ላይ ስፌቱን ያወላግደዋል። ለቆዳ ደግሞ ጫፉ እንደ ትንሽ ቢላ የሚቆርጥ መርፌ አለ፤ እሱን ጨርቅ ላይ አታስጠጉ፣ ይተለትለዋል።

አሁን ለኮምቦልቻዎቹ። እናንተ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በሌላ ማምረቻ የምትሠሩ፣ መኪናችሁ በደቂቃ ከ4ሺህ በላይ ስፌት የሚመታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ፍጥነት መርፌው ጨርቅ ውስጥ እየተፋተገ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ፖሊስተር ክር ወደ 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። መኪናው ሲሠራ ክሩ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ያመልጣል፤ ድንገት ስታቆሙ ግን ክሩ በጋለው ዓይን ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ቀልጦ ይበጠሳል። "መኪናው ሲነሳ ሲነሳ ነው የሚበጥሰው" የምትሉት ይኼ ነው። የተበጠሰውን የክር ጫፍ እዩት፤ ጫፉ ተበታትኖ ሳይሆን ጠንክሮ፣ ኳስ ሠርቶ ካገኛችሁት በሙቀት ነው። መፍትሔው ፍጥነት መቀነስ፣ አንድ ቁጥር ቀጭን መርፌ ማድረግ፣ ለክር የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ክሩን ማስነካት ነው። ዓይኑ ላይ የተጋገረ ፕላስቲክ ያለበት መርፌ ግን አይጸዳም፤ ጣሉት።

መቼ ነው የሚጣለው? እንደ ልማድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከሰፋችሁበት በኋላ ቀይሩ። ሙሉ ቀን የሚሰፋ ሰው በየቀኑ ጠዋት ማለት ነው። አውቃለሁ፣ በዛ ትላላችሁ። የአንድ መርፌና የአንድ የተበላሸ ሱፍ ጨርቅ ዋጋ አወዳድሩና መልሱልኝ። በሰዓት መቁጠር ካልሆነላችሁ ቢያንስ ሁለት ምርመራ አድርጉ። አንደኛ፣ መርፌውን በመስታወት ላይ አስተኝታችሁ በጣታችሁ አንከባሉት። ቀጥ ያለ ከሆነ ጫፉ ጸጥ ብሎ ይዞራል፤ ከጎበጠ ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠፍጣፋ ያለው ስለማይንከባለል በጠፍጣፋው አስተኙት፤ ከመስታወቱ ያለው ርቀት እስከ ጫፉ እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ ጫፉን በአሮጌ የሴት ናይለን ካልሲ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ክር ከያዘ ጫፉ ታጥፏል። ስትሰፉም "ጠብ ጠብ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጫፉ ደንዝዟል፤ ጨርቁን እየበሳ ሳይሆን እየደበደበ ነው።

በክረምት እዚህ ደሴ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ከፓኬቱ ወጥቶ በመሳቢያ ውስጥ የሚንከራተት መርፌ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ዓይኑ ጋ ክር ይበጥሳል፣ ነጭ ጨርቅ ያቆሽሻል። በፓኬቱ ይኑር፤ ፓኬት የሌለውን በትንሹ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከማስገባታችሁ በፊት ጥረጉት።

ለምን ይሰበራል የሚለውን ብዙውን ነገርኳችሁ። ሁለት ልጨምር። ጨርቁን ከኋላ መጎተት! ጨርቅ የሚስቡት የመኪናው ጥርሶች ናቸው፤ የእናንተ እጅ የሚያቀናው ብቻ ነው። ስትጎትቱት መርፌው ጨርቅ ውስጥ እያለ ይለመጣል፣ ብረቱን ይመታል። ሌላው እስፒል ነው። እስፒል ሰክታችሁ በላዩ አትስፉ። መርፌው ሊደርስበት ሲል እያወጣችሁ በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሩት፤ በአፋችሁ አትያዙት። ሳቅ መጣ፣ ሳል መጣ፣ እስፒሉ ወደ ጉሮሮ ሄደ። ስትለምዱት እንደማትፈሩት አይቻለሁ፤ እኔ ግን እፈራላችኋለሁ።

መርፌ ሲሰበር ሥራ ይቁም። ስብርባሪው ሁሉ ይሰብሰብ፣ ጠረጴዛ ላይ ይገጣጠም፤ ከጫፍ እስከ እግሩ ሙሉ መሆኑ ይታይ። ጥሩ ፋብሪካዎች የተሰበረውን ሁሉ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፈው ሳይመልሱ አዲስ መርፌ አይሰጡም፤ ትክክል ናቸው። አንድ ቁራጭ ከጠፋ በማግኔት ጨርቁን፣ ጥርሶቹን፣ ቦቢን ቤቱን ፈትሹ። የሕፃን ልብስ ከሆነ ደግሞ ቁራጩ እስኪገኝ ድረስ ልብሱ ከእጃችሁ እንዳይወጣ። እለምናችኋለሁ። ከዚያ የታችኛውን ብረትና የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ የተጎረደ ካለ በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ያለዚያ አዲሱ መርፌም ክር መበጠሱን አይተውም።

ጣት ከተወጋስ? ሞተሩን አጥፉ። ጣታችሁን አትንጠቁ፤ መርፌው እንዲሰበር የሚያደርገው መንጠቅ ነው። መዘውሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ መርፌውን ወደ ላይ አውጡት። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ። መርፌው ሙሉ መሆኑን እዩ፤ ጫፉ ከጎደለ ጣታችሁን በሌላ መርፌ አትቆፍሩ፣ ራጅ ወዳለበት ሕክምና ሂዱ። የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ 10 ዓመት ካለፈ፣ ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈ፣ ጨርሶ ካልተከተባችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ንገሯቸው። መርፌዋ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ፤ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው ለቴታነስ የሚመቸው።

የሚጣለውን መርፌ በላስቲክ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር አትጣሉ፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እጅ አላቸው። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅሙ፤ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉ።

እንግዲህ በቃሌ ይበቃል። መስታወቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካልሲውም አለ። መኪናችሁ ላይ ያለውን መርፌ ነቅላችሁ ያመጣችሁ በተራ ወደ ፊት ኑ፤ እትዬ፣ እርስዎ ከፊት ስላሉ ከእርስዎ እንጀምር። ኦቨርሎክ ያላችሁ በዚህ በኩል ቁሙ፤ የእናንተን ለብቻ እናየዋለን።